ካያኩን ከመብሳት በፊት

ለዓሣ ማጥመጃ የተሠራ ካያክ የገዛ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛ ግዢ ያምረዋል፤ የውኃውን ጥልቀትና ከሥሩ ያለውን ነገር በስክሪን የሚያሳይ፣ በተለምዶ የዓሣ መፈለጊያ የሚባለውን ሶናር። ገበያው የሚያወዳድርለት ስክሪኑን ነው፤ ስፋቱን፣ የቀለሙን ድምቀት፣ የሚጭነውን ካርታ፣ በጠራራ ፀሐይ መነበብ አለመነበቡን። ከሳጥኑ ጥግ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን፣ ከመዳፍ የማይበልጠውን ጥቁር ዕቃ ግን ሻጩም ገዢውም እንደ ተቀጥላ ነው የሚያዩት። ድምፅ የሚልከውም፣ የተመለሰውን የሚያዳምጠውም ያ ዕቃ ነው፤ ትራንስዱሰር ይባላል። ስክሪኑ የሚስለው ትራንስዱሰሩ የነገረውን ብቻ ነው፤ ይሁንና የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ ሆነና ዋጋውም ወሬውም ለስክሪኑ ሄዷል። ከዚህ የተነሣ ሰዎች ስክሪን ለመምረጥ ሳምንታት ያጠፉና ትራንስዱሰሩን የት ላድርገው የሚለውን ጥያቄ በአንድ ከሰዓት፣ በትራፓኖ ይመልሱታል። እኔ የምሟገተው ለሌላ መልስ ነው። ተራ ሶናር ይዞ በተራ ውኃ ላይ ለሚያጠምድ ሰው የትራንስዱሰሩ ቦታ የካያኩ ሆድ ውስጥ ነው፤ ፕላስቲኩ ሳይበሳ፣ ከወለሉ ጋር አየር በማያስገባ ማሸጊያ ተጣብቆ። ከውጭ ማንጠልጠል የተለየ ምክንያት ሲኖር የሚመጣ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ከውኃ መስመር በታች መብሳትን ግን ከምርጫም አልቆጥረውም።

ለዚህ አቋም መሠረቱ ድምፅ ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሻገር የሚገጥመው ነገር ነው። ትራንስዱሰር ውስጥ ያለው ቁስ ኤሌክትሪክ ሲነካው ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረት ሲመታው ደግሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህን ጠባይ ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክ እና ፒየር ኩሪ ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ሌላው ፈረንሳዊ ፖል ላንዥቫን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በውኃ ውስጥ የተደበቀ ሰርጓጅ መርከብ ለመፈለግ ተጠቀመበት። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ የጃፓኑ ፉሩኖ ለዓሣ አጥማጆች የሚሸጥ መሣሪያ አወጣ። አሜሪካ ውስጥም ካርል ሎውራንስ በ1950ዎቹ መጨረሻ ትንሿን አረንጓዴ ሳጥን ለመዝናኛ አጥማጁ አቀረበ። መሣሪያው ያኔም ሆነ ዛሬ የሚሠራው አንድ ነገር ነው። ድምፁ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ደርሶ የተመለሰበት ጊዜ ተሰልቶ ርቀት ይሆናል። ድምፁ የሚመለሰው ደግሞ ከውኃው የተለየ ነገር ሲያገኝ ነው፤ ልዩነቱ በሰፋ መጠን የሚመለሰው ይበዛል። በውኃና በአየር መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ስለሆነ ከድምፁ ጉልበት 99.9 በመቶ ያህሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ብዙ ዓሦች ለሶናር የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። የዓሣ ሥጋ ለድምፅ ከውኃ ብዙም አይለይም፤ ዓሣውን የሚያጋልጠው ሆዱ ውስጥ ያለው፣ ሳይሰምጥም ሳይንሳፈፍም የሚቆይበት የአየር ከረጢት ነው። ይህ ከረጢት የሌላቸው፣ እንደ አንዳንድ የማከሬል ዝርያዎች ያሉት፣ በስክሪኑ ላይ ደብዝዘው የሚወጡት ለዚህ ነው።

አየር ዓሣውን ያጋልጣል፤ በትራንስዱሰሩና በውኃው መካከል ከገባ ደግሞ መሣሪያውን ያሳውራል። የመትከሉ ሥራ በሙሉ ከዚህ አንድ ነጥብ ይወጣል። ሐኪም በአልትራሳውንድ ነፍሰ ጡር ሲመረምር ሆድ ላይ የሚቀባው ቀዝቃዛ ዝልግልግ ቅባት ሌላ ሥራ የለውም፤ በመሣሪያውና በቆዳው መካከል ያለችውን ቀጭን አየር ያስወጣል። ካያክም ከዚህ የተለየ ሕክምና አይፈልግም። አብዛኞቹ የማጥመጃ ካያኮች የተሠሩበት ፖሊኢታይሊን የሚባለው ፕላስቲክ ለድምፅ ሲታይ ከውኃ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። የሁለቱ ጥግግትና በውስጣቸው ያለው የድምፅ ፍጥነት ሲሰላ፣ ድምፅ ከውኃ ወደ ፕላስቲኩ ወይም ከፕላስቲኩ ወደ ውኃ ሲሻገር በየድንበሩ የሚመለሰው ጉልበት ከ100 እጅ 5 እጅ እንኳ አይሞላም። አየር ሲሆን 99.9፣ ፕላስቲክ ሲሆን ከ5 በታች፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ በቻለ ነበር። ብዙ ሰው ግን በደመ ነፍስ የሚፈራው ፕላስቲኩን ነው። ጠጣር ነገር ስለሆነ ድምፅ የሚጋርድ ይመስለዋልና፣ ፕላስቲኩን ለማስወገድ ሲል ቀዳዳ ይበሳል፤ ከዚያም ትራንስዱሰሩን አረፋ በሚሰበሰብበት ቦታ ያስቀምጠዋል።

ይህ አተካከል የማይሆንላቸው ጀልባዎችም አሉ፤ ለእነሱ እኔም ሌላ ምክር አለኝ። በአየር የሚነፋ ካያክ ወለሉ ራሱ አየር ነው፤ ከውስጥ የተቀመጠ ትራንስዱሰር ምንም አያይም። በሁለት ስስ ሽፋኖች መካከል ስፖንጅ መሰል አረፋ ያለባቸው ጀልባዎችም እንዲሁ ናቸው። አልሙኒየም ደግሞ አየር ባይኖረውም ከውኃ ጋር ያለው ልዩነት ብዙ ስለሆነ ድምፁን በቀላሉ አያሳልፍም። ነገሩን ወደ አገር ቤት ካመጣነው፣ የጣና ሐይቅ ታንኳ የተሠራበት ደንገል የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር የቋጠረ ስለሆነ፣ በታንኳ ላይ ሶናር መሞከር የፈለገ ሰው ትራንስዱሰሩን በዘንግ ጫፍ አስሮ ውኃ ውስጥ ከማጥለቅ ሌላ መንገድ የለውም። የፕላስቲክ ካያክ ባለቤት ግን ይህ ችግር የለበትም። በሌለ ችግር ወለል መብሳት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከንድፈ ሐሳቡ ወደ ውኃው እንምጣ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ ለፖቶማክ ወንዝና ወንዙ ለሚፈስበት ለቼሳፒክ ሰላጤ ቅርብ ነው፤ የካያክ ማጥመድም እዚያ የተለመደ መዝናኛ ነው። ሰላጤው ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ አያስፈራም፤ አማካይ ጥልቀቱ 6.4 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ካያኮች ላይ የሚገጠመው 200 ኪሎኸርዝ ትራንስዱሰር ድምፁን ወደ 20 ዲግሪ በሚሆን ሾጣጣ ጨረር ወደ ታች ይልካል። በ6.4 ሜትር ጥልቀት ይህ ጨረር ወለሉ ላይ የሚያርፍበት ክብ ዲያሜትሩ 2.3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ውኃው 3 ሜትር ሲሆን ወደ 1 ሜትር ይወርዳል። የተለመደ የማጥመጃ ካያክ ርዝመቱ 3.7 ሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ፣ ሶናሩ የሚያየው ዲያሜትሩ ከጀልባው ርዝመት ያነሰ ክብ ነው ማለት ነው። በዚህ ጥልቀት ስክሪኑ ላይ የወጣ ዓሣ ከአጥማጁ እግር ሥር ያለ ዓሣ ነው፤ መንጠቆው ደግሞ ብዙ ጊዜ 20 ሜትር ርቆ ተወርውሯል። በዚያ ላይ ካያክ ቀስ ብሎ የሚሄድ ወይም የቆመ ነገር ስለሆነ፣ በማስታወቂያ ላይ የሚታየው የታወቀው የቀስት ቅርጽ አይመጣም፤ ከሥሩ የቆመ አንድ ዓሣ ረጅም ቀጥተኛ መስመር ሆኖ ይሳልና ጀማሪው የዓሣ መንጋ አገኘሁ ብሎ ይደሰታል።

እንዲህ ከሆነ ሶናሩ ለምን ይጠቅማል? መሬቱን ለማንበብ። ጥልቀቱ ከ2 ሜትር ወደ 5 የሚወርድበትን ጠርዝ፣ ለስላሳው ጭቃ አልቆ የኦይስተር ቅርፊት የተከመረበት ጠንካራ ወለል የሚጀምርበትን ቦታ፣ የሰመጠ ግንድ ወይም የድልድይ ምሰሶ መሠረት ያለበትን ያሳያል። እዚያ ሮክፊሽ የሚሉት ባለ መስመሩ ባስ በእነዚህ ጠርዞች ላይ ማዕበሉ የሚያመጣለትን ትናንሽ ዓሣ ይጠብቃል፤ አጥማጁም የሚፈልገው ያንን ጠርዝ ነው። ጠንካራ ወለል ከለስላሳው የበለጠ ድምፅ ስለሚመልስ በስክሪኑ ላይ ወፍሮና ደምቆ ይታያል፤ ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ንጹሕና የማይቆራረጥ ምልክት እንጂ ብርቱ ምልክት አይደለም። ከውስጥ መትከል ጉልበት ያስቀንሳል የሚለው ወቀሳ እውነት ቢሆንም እዚህ ላይ ክብደቱን ያጣል። ከ100 ሜትር በላይ እንዲያነብ ለተሠራ መሣሪያ፣ ለ6 ሜትር ውኃ ሲሉ ጥቂት ጉልበት ማጣት ኪሳራ አይባልም።

በሥራው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከውስጥ ተክዬው አልሠራልኝም የሚሉ ሰዎች ችግራቸው ብዙውን ጊዜ ከአተካከሉ ነው። የመጀመሪያው ጉዳይ ቦታ ነው። ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ሰው ሲቀመጥበት ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ የሚቆይ፣ ውስጡ አረፋ ያልተሞላበት፣ እጅም ከካያኩ ክዳን ገብቶ የሚደርስበት መሆን አለበት። በእግር በሚነዳ ካያክ ከሆነ ከክንፎቹ ፊት እንጂ ኋላ አይሁን፤ ክንፎቹ አረፋ ይፈጥራሉ። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ሳይጣበቅ መሞከር ይቻላል። ትራንስዱሰሩን ውኃ በተሞላች ቀጭን የላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብቶ፣ ወለሉንም በትንሽ ውኃ አርሶ፣ ከረጢቷን እዚያ ላይ አስቀምጦ ጥልቀቱ ወደሚታወቅ ውኃ መቅዘፍ ነው። ያነበበው ቁጥር ትክክል ከሆነ ቦታው ተገኝቷል፤ ካልሆነ ከረጢቷን አንድ ስንዝር ገፋ ማድረግ ነው። ትራፓኖ ይህን ዕድል አይሰጥም። ቦታው ከተገኘ በኋላ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የቱቦ አፍ የሚደፍኑበት፣ የማይደርቅ ለስላሳ ማሸጊያ ነው። እንደ ሊጥ ታሽቶ ወለሉ ላይ ይለጠፋል፤ መሃሉ ከፍ ብሎ ጎኖቹ ዝቅ እንዲሉ ይደረግና ትራንስዱሰሩ ከመሃል ወደ ዳር አየሩን እያስወጣ ቀስ ብሎ ይጫናል። ሁለተኛው ውኃ የማይመጥ ወፍራም ስፖንጅ በትራንስዱሰሩ ልክ ፈልፍሎ እንደ ትንሽ ገንዳ ወለሉ ላይ ማጣበቅ፣ ውስጡንም በውኃ ወይም በቫዝሊን ሞልቶ ትራንስዱሰሩን እዚያ ማስተኛት ነው። ከሁለቱ እኔ የማደላው ለለስላሳው ማሸጊያ ነው። ፖሊኢታይሊን ሙጫ የማይቀበል ቁስ ነው፤ በፀሐይ ሲሞቅ ይሰፋል፣ መኪና ጣሪያ ላይ ሲታሰር ይጎብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የደረቀ ሙጫ በዚህ መሃል ይላቀቅና ከሥሩ አየር ይገባል፤ የማይደርቀው ማሸጊያ ግን ከወለሉ ጋር አብሮ ይተጣጠፋል። ካያኩ ሲሸጥ ወይም መሣሪያው ሲቀየር በእጅ ይነሣል።

የመሣሪያዎቹ መመሪያ ለምን ሌላ ነገር ያስቀድማል የሚል አንባቢ ይኖራል። መመሪያው በአብዛኛው የተጻፈው ለሞተር ጀልባ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር ጀልባ ከሥሩ ውኃውን ያናውጣል፤ ትራንስዱሰሩ ከኋላ ጠርዝ ላይ በትክክለኛ ከፍታና ዘንበልታ ካልተሰቀለ አረፋው ይሸፍነዋል። ከብረት ሳህን ጋር በብሎን መታሰሩ፣ ቁመቱ በሚሊሜትር መስተካከሉ፣ ሁሉም ለዚያ ፍጥነት የታሰበ ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር በሚቀዘፍ ካያክ ሥር ይህ ንውጥውጥታ የለም። ለፈጣን ጀልባ የተፈለሰፈን መፍትሔ ወደ ዘገምተኛው ማምጣት የማያስፈልግ ሥራ ያስከትላል። በዚያ ላይ አምራቾቹ ራሳቸው ከጀልባ ወለል ውስጥ መትከልን አያወግዙም፤ የትኛው ትራንስዱሰር እንደሚሆንና የትኛው እንደማይሆን ለይተው ይጽፋሉ።

አሁን ወደ ጠንካራዎቹ ተቃውሞዎች። አንደኛው የሙቀት መለኪያው ነው። ብዙ ትራንስዱሰሮች የውኃውን ሙቀት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ በውስጣቸው አለ፤ ከካያኩ ሆድ ውስጥ ሲቀመጡ የሚለኩት የፕላስቲኩን ሙቀት ይሆናል፤ እሱም ከውኃው ዘግይቶ ይከተላል፣ በፀሐይም ይሳሳታል። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። በጸደይ ወራት ውኃው በሁለት ዲግሪ መለወጡ ዓሣው የት እንዳለ ሊነግር ይችላልና አጥማጁ ቢናፍቀው አልፈርድበትም። ግን ለዚህ አንድ ቁጥር ሲባል ጠቅላላውን መሣሪያ ወደ ውጭ ማውጣት አያስኬድም፤ በክር የታሰረ ርካሽ ቴርሞሜትር ውኃ ውስጥ ቢንጠለጠል የላይኛውን ሙቀት ይናገራል፣ ጥልቅ ወደሆነውም ይወርዳል፤ ይህን ትራንስዱሰሩ ከየትም ቢሰቀል አያደርገውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ዛሬ የሚሸጡት ሶናሮች ብዙዎቹ ወደ ታች ጥልቀት ከማንበብ አልፈው በ455፣ በ800 እና ከዚያም በላይ ኪሎኸርዝ ድምፅ እንደ ፎቶ የጠራ የወለል ምስል ይስላሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ ግራና ቀኝ ያያሉ። የድምፁ ሞገድ ባጠረ ቁጥር ምስሉ ይጠራል፣ ፕላስቲኩ የሚውጠውም ይጨምራል። በ200 ኪሎኸርዝ ሞገዱ ከ7 ሚሊሜትር በላይ ነው፤ በ800 ከ2 ሚሊሜትር ያንሳል። ወደ ጎን የሚያየው ዓይነት ከነጭራሹ ከውስጥ አይሠራም፤ ጨረሩ ፕላስቲኩን በሰያፍ ስለሚመታ ይበተናል። እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ለገዛ ሰው ከሆድ ውስጥ ትከለው ማለት ገንዘቡን ጣለው ማለት ነው። ለእሱ የሚሆነው በካያኩ ጎን ሀዲድ ላይ የሚታሰር፣ ሲፈለግ ወደ ውኃ የሚወርድ፣ ሲነሣ ወደ ላይ የሚታጠፍ ክንድ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎችም ከወለሉ ሥር ለትራንስዱሰር የሚሆን ጎድጎድ ያለ ማረፊያና የገመድ መውጫ አዘጋጅተው ይሸጣሉ፤ ይህ ያለው ሰው የእኔን ምክር ትቶ የፋብሪካውን ይከተል። እኔ የምጠይቀው ከግዢው በፊት መመለስ ያለበትን ጥያቄ ነው፤ የጎን ምስሉን በእርግጥ ትፈልገዋለህ ወይስ ሳጥኑ ላይ ስለተጻፈ ገዛኸው? ጥልቀት በሌለው የወንዝ ዳር ውኃ ውስጥ፣ ጠርዙን በመቅዘፊያው ጫፍ ነክቶ ሊያገኘው የሚችል ሰው፣ ለዚህ ሲል በጎኑ አንድ ክንድ አንጠልጥሎ መዋል ይኖርበታል።

ክንዱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። የፖቶማክ አንዳንድ ክፍል በበጋ ሀይድሪላ በሚባል የውኃ ሣር ይሸፈናል፤ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ሣር ይሰበስባል፣ ሣሩ አረፋ ይይዛል፣ ስክሪኑም ይታወራል። የኦይስተር ክምር ትራንስዱሰሩን ይፍቀዋል። የተያዘው ዓሣ በጀልባው ዙሪያ ሲሮጥ ክሩን ክንዱ ላይ ይጠመጥመዋል፤ ብዙ ትልልቅ ዓሦች የሚያመልጡት በዚህች ደቂቃ ነው። ካያኩ ቢገለበጥ፣ አጥማጁ በጎን በኩል ተመልሶ ሲወጣ ልብሱን የሚይዝበት አንድ ተጨማሪ ቀንድ ይሆንበታል። ሁሉም ሊቻል የሚችል ነገር ነው፤ ጥቅም ካለው ይቻላል። ያለ ጥቅም ሲሆን ግን ሸክም ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከትራፓኖ ወዳጆች የሚመጣ ነው፤ በደንብ የታሸገ ቀዳዳ ምን ያደርጋል ይላሉ። ጀልባ ሠሪዎች በፋይበርግላስ ጀልባ ወለል ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲበሱ ኖረዋል፣ ይህም እውነት ነው። ካያክ ግን ፋይበርግላስ አይደለም። ፋይበርግላስ ማሸጊያን አጥብቆ ይይዛል፣ ብዙም አይተጣጠፍም፤ ፖሊኢታይሊን ሁለቱንም አያደርግም። ብሎኑ በየጉዞው ይላወሳል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከጠርዙ ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል። የውኃ ማፍሰሻ ቱቦዎቹ ዙሪያም ቢሆን ብዙ ካያኮች የሚሰነጠቁበት ደካማ ቦታ ነው። ከላይ ተቀምጠው የሚቀዝፉት ካያክ ደግሞ አንድ የተለየ አደጋ አለው፤ አጥማጁ የሚቀመጠው ከተዘጋ ባዶ ሆድ በላይ ስለሆነ ውኃ ሲገባበት አያየውም። በጥቂት ሊትሮች ምንም አይታወቅም፤ ሲበዛ ግን ውኃው በሆዱ ውስጥ ከጎን ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ካያኩ ወደ አንድ ወገን ባዘነበለ ቁጥር ውኃው ወደዚያው ይሮጥና ማዘንበሉን ያባብሰዋል። አጥማጁ ነገሩን የሚያውቀው ካያኩ መንገዳገድ ሲጀምር፣ ምናልባትም ከባሕሩ ዳር 1 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ በየዓመቱ በሚያወጣው የመዝናኛ ጀልባዎች አደጋ ዘገባ፣ ሰምጠው ከሞቱት ሰዎች ከ10 ከስምንት በላይ የሚሆኑት የሕይወት ጃኬት ያላደረጉ ናቸው። ለእነዚያ ሞቶች የትራንስዱሰር ቀዳዳ ምክንያት ነበር ማለቴ አይደለም። ውኃ ላይ አደጋ ሲመጣ የሚያድነው ነገር ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ያሳያልና፣ ለመዝናኛ መሣሪያ ሲባል ተንሳፋፊውን ነገር ራሱን ማድከም አይገባም ለማለት ነው።

ሌላም ሊነሣ የሚችል ነገር አለ። ጊዜው ወደፊት እየሄደ ነው፤ ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው፣ ሌሎቹም በተከተሉት ቀጥታ የሚያሳይ ሶናር፣ አጥማጁ ከፊቱ ያለውን ዓሣ ሲንቀሳቀስና መንጠቆውን ሲከተል እንደ ቪዲዮ ያየዋል። ይህ ትራንስዱሰር ውኃ ውስጥ መሆንና በዘንግ መዞር አለበት፤ ከሆድ ውስጥ ማስቀመጥ አይታሰብም። የወደፊቱ ይህ ከሆነ የእኔ ክርክር ያረጀ ይመስላል። ግን መሣሪያው በውድድር ዓለም ራሱ ጭቅጭቅ አስነሥቷል፤ ትልልቆቹ የባስ ማጥመጃ ውድድሮች ለ2025 የውድድር ዘመን አጠቃቀሙን የሚገድቡ ደንቦች አውጥተዋል። ተመልካች የሚያየው ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ሆነ የሚል ቅሬታም ይሰማል። ለካያክ ደግሞ የተለየ ጥያቄ አለው፤ ትልቅ ስክሪን፣ የሚዞር ዘንግ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያነቃው ከባድ ባትሪ። ለገንዘብ የሚወዳደር ሰው ሒሳቡን ያውቃል። ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት የሚወጣው ሰው ግን የባለሙያውን ዕቃ ሲገዛ የባለሙያውን ድካም አብሮ ይገዛል፤ ካያክ የመረጠበት ምክንያት ደግሞ ብቻውን ተሸክሞ ውኃ ላይ ማስቀመጥ መቻሉ ነበር።

ለሻጮች አንድ ጥያቄ አለኝ። ካያክና ሶናር አብረው የሚሸጡ ሱቆች፣ ከስክሪኑ ስፋት በፊት ደንበኛውን የሚያጠምደው በየት ነው፣ ጥልቀቱ ስንት ነው ብለው ቢጠይቁት፣ ግማሹ ደንበኛ በአነስተኛው ሞዴል ረክቶ ይሄድ ነበር፤ ምናልባት የማይጠይቁትም ለዚሁ ነው። የካያክ ፋብሪካዎች ግን ምንም የሚያጡት የለም። የወለሉ ውፍረት ወጥ የሆነበትን፣ አረፋ የሌለበትን፣ ከክዳኑ በእጅ የሚደረስበትን ቦታ ከውስጥ በኩል በአንድ ክብ ምልክት ቢያሳዩ፣ ገዢው በግምት ከመፈለግ ይድን ነበር። ሻጋታው ላይ አንድ ጊዜ የሚቀረጽ ምልክት ነው።

ትራንስዱሰሩ ከሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የገመዱ ነው። ባትሪው ውኃ በማያስገባ ሣጥን ከክዳኑ ሥር ሲቀመጥና ስክሪኑ ከላይ ሲታሰር አንድ ገመድ በግድ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ትራፓኖ የግድ ካስፈለገ ሥራው እዚህ ነው፤ ከውኃ መስመር በላይ፣ በካያኩ ፊት ቀና ባለ ገጽ ላይ፣ ውኃ በማያስገባ የገመድ ማለፊያ። ቀዳዳው የሚበሳው በገመዱ ልክ ሳይሆን በሶኬቱ ልክ ነውና፣ ከመብሳት በፊት ሶኬቱን በእጅ ይዞ መለካት ይገባል።